ከጊዜ እጥረት ባሻገር፦ የባለትዳር ተማሪዎች ጫና

ባለትዳር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ትምህርቱ እንደከበደው ሲናገር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ምክር «ጊዜህን በአግባቡ ተጠቀም» የሚል ነው። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ቢሆንም የችግሩን አንድ ጎን ብቻ ስለሚያይ፣ ተማሪው ጥፋቱ የራሱ ስንፍና እንደሆነ እንዲያምን ያደርገዋል።

ተመራማሪዎቹ ጄፍሪ ግሪንሃውስና ኒኮላስ ቢውቴል እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ ሥራና ቤተሰብ የሚጋጩባቸውን መንገዶች በሦስት ከፍለዋቸዋል፤ በጊዜ፣ በውጥረትና በጠባይ። ይህ አከፋፈል ለትምህርትም ይሠራል። የጊዜ ማጠር ለማንም ግልጽ ነው። ውጥረት ግን ሰዓት ቢመቻችም አይለቅም። አንዲት ተማሪ ማታ ልጇን አቅፋ ተረት እያነበበችላት ነው እንበል፤ አማካሪዋ ከሰዓት በኋላ በመመረቂያ ጽሑፏ ሦስተኛ ምዕራፍ ኅዳግ ላይ «ይህ ዘዴ ለምን ተመረጠ?» ብሎ ያሰፈረው ጥያቄ ግን ከአእምሮዋ አልወጣም። ልጅቱ «እማዬ፣ ይህን ገጽ እኮ አንብበሽዋል» ትላታለች። በመርሐ ግብሩ ለልጇ የተመደበው ያ ሰዓት ለልጇም ለጥናቷም ሳይሆን አለፈ።

የጠባይ ግጭት ሲነሳ እምብዛም አይሰማም። ምርምር መጠራጠርን፣ ማስረጃ መጠየቅንና የሐሳብ ክፍተት መፈለግን ያስለምዳል። ቀኑን በዚህ መንፈስ የዋለ ሰው ባለቤቱ «ዛሬ ደክሞኛል» ስትለው አይዞሽ ማለት ሲገባው ምክንያቱን መመርመር ይጀምራል፤ እሷም እንደ ረቂቅ የታረመች ያህል ይሰማታል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1984 ጫናን የመቋቋሚያ መንገዶችን ሲያብራሩ፣ ችግሩን ራሱን ለመለወጥ መጣርንና ችግሩ የሚያስከትለውን ስሜት መግራትን ለይተው አስቀምጠዋል። እኔ እጅግ የሚያሳስበኝ መሸሽ ነው፤ የአማካሪን ኢሜይል ሳይከፍቱ ማሳደር፣ በቤት ውስጥም «ደህና ነው» ብሎ ማለፍ። የተሸሸገ ጭንቀት ለትዳር አጋር ቅዝቃዜ መስሎ ይታያል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኒያል ቦልገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ አንደኛው ወገን ለጥብቅና ፈተና የሚዘጋጅባቸውን ጥንዶች ተከታትለው፣ ይበልጥ የጠቀመው ተፈታኙ ሳያስተውለው የተደረገለት ድጋፍ እንደሆነ አግኝተዋል። ሳይነገር የታጠበ ሰሃን፣ በጸጥታ ወደ ሌላ ክፍል የተወሰደ ሕፃን፣ ተማሪውን የተረጂነት ስሜት ሳያሳድሩበት ሸክሙን ያቀሉለታል። ሆኖም ያልታየ ድካም ያልተመሰገነ ሆኖ ለዓመታት ከቀጠለ ደጋፊውን ራሱን ይጎዳል፤ ስለዚህ ባልና ሚስት በየሳምንቱ ቁጭ ብለው ማን ምን እንደተሸከመ ቢነጋገሩ መልካም ነው።

ይህ ሁሉ ግን የቤተሰቡ ዕዳ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። የትምህርት ክፍሎች ቀነ ገደብ ሲቆርጡ፣ ተማሪው ወሊድ፣ የታመመ ልጅ ወይም የባለቤቱ የሥራ ፈረቃ እንዳለበት አስቀድመው ይጠይቁ፤ የማራዘሚያ ደንባቸውም በአማካሪው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሳይሆን፣ ተማሪው በምዝገባ ቀን በጽሑፍ የሚረከበው ይሁን።