ዘበኛውን ሌባ አታድርጉት

«የአንጀት ካንሰር የሚያመጣ ጂን» የሚል ዜና ባየሁ ቁጥር ትንሽ እበሳጫለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ኤፒሲ (APC) ስለሚባለው ጂን ነው። የኤፒሲ ሥራ ግን ካንሰር መከላከል ነው። ጣጣው የሚመጣው እሱ ሲጠፋ ነው። ዘበኛውን ሌባ አደረግነው ማለት ነው።

የአንጀታችን ውስጠኛ ሽፋን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታደሳል። ሽፋኑ ላይ በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች አሉ። አዳዲስ ሕዋሳት ከታች ይወለዱና እየተገፉ ይወጣሉ። ወደ ላይ ሲጠጉ መባዛቱን ትተው ሥራ ይይዛሉ፤ ከዚያ ተራግፈው ይሄዳሉ።

«ተባዙ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ ሕዋሱ አስኳል የሚያደርሰው ቤታ ካቴኒን የተባለ ፕሮቲን ነው። ኤፒሲ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይይዘዋል፣ እንዲፈርስም ያደርገዋል። ኤፒሲ ከሌለ መላክተኛው ይከማቻል፣ አስኳሉ ውስጥ ይገባል፣ ማይክ (MYC) የሚባለውንና እሱን የመሳሰሉ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ጂኖች ባዕድ አይደሉም። ጉድጓዱ ሥር ድሮም ይሠሩ ነበር። አሁን የሚያጠፋቸው ጠፋ እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የብሪታኒያ ተመራማሪዎች ይህንን በአይጥ አንጀት አሳዩ። ኤፒሲን ባጠፉ በቀናት ውስጥ ጉድጓዶቹ ተለጠጡ፣ ሕዋሳቱም መውጣቱን ትተው እዚያው ታጨቁ። በ2007 ደግሞ ማይክን አብረው አጠፉት። አንጀቱ ባመዛኙ ጤነኛ መሰለ፤ ያውም ቤታ ካቴኒን አስኳሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ! ያ ሁሉ ትርምስ በአብዛኛው በአንድ ጂን በኩል ነበር የሚያልፈው።

የቃል ጉዳይ ነው ትሉኝ ይሆናል። «በዘራችን ካንሰር አለ» ተብሎ ያደገ ልጅ ግን እንደ እርግማን ነው የሚሰማው። ከሁለቱ የኤፒሲ ቅጂዎች አንዱ ተበላሽቶ የተወለደ ሰው ደንዳኔው ላይ ገና በልጅነቱ መቶና ከዚያ በላይ ፖሊፕ (ሽፋኑ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ሊወጣበት ይችላል። ዝም ከተባለ ካንሰር መሆኑ አይቀርም ማለት ይቻላል። «አንዱ ዘበኛህ የለም» ቢባል ግን «እንግዲያው በጊዜ እንታይ» ይላል። ምርመራው ከ10 ወይም 12 ዓመት ጀምሮ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

በ2015 አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ተመራማሪዎች ዕጢ በወጣባቸው አይጦች ላይ የጠፋውን ኤፒሲ መልሰው አበሩት። ዕጢዎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሰሙ፣ ሕዋሳቱም ወደ መደበኛ ሥራቸው ተመለሱ። ሌሎች ሁለት ጂኖች የተበላሹባቸው ዕጢዎች ሳይቀሩ። በሰው ላይ እንዲህ ማድረግ ገና አልተቻለም።