ማስተካከያ፦ የምትነክስ በቀቀን ምንቃሯ አይመታም
ስለምትነክስ በቀቀን ባለፈው ጽሑፍ የወጣው «ምንቃሯን በጣት መታ አድርጉ፤ ጮክ ብላችሁም ተቆጡ» የሚለው ምክር ስህተት ነው። እባካችሁ አታድርጉት። የተመታች ወፍ እጅ ትፈራለች፤ ስትፈራ ደግሞ የባሰ ትነክሳለች። ጩኸቱን እንደ ጨዋታ የሚወዱትም አሉ። ይልቅ ምንም ሳትናገሩ በእርጋታ መቆሚያዋ ላይ መልሷት፤ ለጥቂት ሰከንድ ፊታችሁን አዙሩ።

ዋናው ግን ከመንከሷ በፊት ልብ ማለት ነው። የዓይኗ ብሌን ቶሎ ቶሎ ሲሰፋና ሲጠብ፣ የጅራቷ ላባ ሲዘረጋ እጃችሁን አታቅርቡ። እጅ ላይ ልትወጣ ስትል በምንቃሯ ያዝ ብታደርግ ግን ንክሻ አይደለም። ሚዛኗን እየጠበቀች ነውና እጃችሁን አትሰብስቡባት። ረጋ ብላ ስትወጣ አንድ የሱፍ ፍሬ ስጧት።

ለማዳ የነበረች ወፍ በድንገት መንከስ ከጀመረች ሕመም ሊኖርባት ይችላል፤ የእንስሳት ሐኪም ይያት።