ዝናቡ ለምን ስሌቱን አያከብርም?

ሰሞኑን ያ አዲስ አስፋልት በአንድ ከሰዓት ዝናብ ወንዝ ሲሆን ያያችሁ ሁሉ፣ መሐንዲሶቻችንን ማማታችሁ ደግ አይደለም። ሰዎቹ የጎርፍ ማውረጃ ቱቦውን አስልተዋል። ያጠፋው ዝናቡ ነው፤ የተመደበለትን ቁጥር አላከበረም።

እኛ ነገ ዣንጥላ እንያዝ አንያዝ የማናውቅ ምስኪኖች፣ የመጪዎቹን ክረምቶች ሁሉ በአንዲት የኤክሴል ሳጥን ካሰሩ ሊቃውንት ጋር አንድ ከተማ መኖራችን መታደል ነው። ቱቦው የሚሸከመውን ጎርፍ የሚያሰሉበትን ቀመር ታውቁታላችሁ፦ የዝናቡ ኃይል፣ ሲባዛ በቦታው ስፋት፣ ሲባዛ መሬቱ ሳይጠጣው በሚሄደው ድርሻ። የኔ ተወዳጅ ይህቺ የመጨረሻዋ ናት። ለሣር ሜዳ 0.3፣ ለጣሪያና ለአስፋልት 0.9 ገደማ ትሆናለች። ሣር ስለነበረ 0.3 ተብላ ተጻፈች። ሣሩ ላይ ቤት ተሠራ፣ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ግቢው ኮብልስቶን ሆነ፤ 0.3 ግን ንቅንቅ አላለችም! ጎርፉ ሦስት እጥፍ ሆኖ ሲመጣ እሷ እዚያው ናት። እንዲህ ያለ ጽናት ከየት ይገኛል? ከዚያ ኮምፒዩተሩ በጣም አዋጩን ቱቦ እንዲመርጥ ታዘዘ፤ ስፋቱ 87.34 ሳንቲ ሜትር ይሁን አለ። ነጥብ 34! ቱቦው የሚመጣው በ90 ነው፤ ቀባሪው ቁልቁለቱን የሚለካው በዓይኑ ነው፤ ግማሹን ደግሞ ባዶ ሃይላንድ ሞልቶታል። ነጥብ 34 ግን ሪፖርቱ ላይ በደማቁ ተጽፋለች፣ ባለቀለም ግራፍ ተሠርቶላታል፣ በስብሰባው ተጨብጭቦላታል።

ሽሙጡን እንተወው። ርካሹን ምረጥ የተባለ ስሌት ሁልጊዜ የሚቆመው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ መጠባበቂያ ካስተረፈማ ርካሽ አልሆነም። በ0.3 ያሰሉትን በ0.9 ደግሞ መሞከር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቱቦውን ከ90 ወደ 100 ሳንቲ ሜትር ማሳደግ፣ ቁልቁለቱ ያው ሆኖ፣ የሚያሳልፈውን ውሃ በሲሶ ያህል ይጨምራል። ይህቺን ላለማድረግ ነው ሰው ሌሊት ፍራሹን ከጭቃ የሚጎትተው!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ። ውሃው ቤት ሲገባ «የ10 ዓመት ጎርፍ ነው፣ ከእንግዲህ 10 ዓመት አይመጣም» ብለው አጽናንተውናል። (በየዓመቱ ከ10 አንድ ዕድል አለው ማለት እንደሆነ፣ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ቢያንስ አንዴ የመድገሙ ዕድልም 65 በመቶ እንደሆነ ሳይነግሩን መቅረታቸው ለእንቅልፋችን አስበው ነው።) አሁን ደግሞ የማሻሻያ ጥናት ተጀምሯል አሉ። ፋይሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ነው።