ጨምርለት!

ካርቶኑ የተከፈተው እድሩ ግቢ ውስጥ፣ ብረት ድስቶቹ ከተደረደሩበት መጋዘን በር ላይ ነው። ሜሪላንድ የምትኖር የሰፈራችን ልጅ «ለእድራችን» ብላ የላከችው ዲጂታል ሚክሰር ነው፤ የማይኮቹን ድምፅ አቀላቅሎ ወደ ጯሂው ሳጥን የሚልክ እቃ። አሥራ ምናምን ሰው ከቦታል። ሊቀ መንበሩ ፕላስተሩን በቢላ ቀደዱ። ላስቲኩን ገፈፉ። እቃውን አወጡና አገላብጠው አዩት። ከዚያ ዝም አሉ።

«ቁልፎቹ የታሉ?» አሉ በመጨረሻ።

እውነታቸውን ነው። ጥቁር የብረት ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ የገመድ መሰኪያ ቀዳዳ ብቻ ተደርድሯል። የሚሽከረከር የለ፣ የሚገፋ የለ። አሮጌው ሚክሰራችን እኮ ከቁልፉ ብዛት የተነሳ ቆሎ የተሰጣበት ሰፌድ ነበር የሚመስለው። ግማሾቹ አይሠሩም። አንዷ ላይ በፕላስተር «አትንኩ» ተብሎ ተለጥፏል። እሷ የተነካች ቀን እንኳን ሞንታርቦው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮሃል። ግን ቁልፍ ነበረው። ቁልፍ ያለው እቃ ያስከብራል።

«መንገድ ላይ ነቅለውት ይሆን?» አሉ ገንዘብ ያዥዋ።

«እትዬ፣ ቁልፎቹ ታብሌት ላይ ናቸው» አልኩ።

አፌን ብዘጋ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «አንተ ኮምፒውተር ትነካካ የለም እንዴ?» አሉ ሊቀ መንበሩ። የምሠራው ባንክ ነው። ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ቁጥር ስደምር እውላለሁ። እኛ ሰፈር ግን ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ዲሽም ያስተካክላል፣ ፍሪጅም ያያል፣ ዲቪም ይሞላል። በዚያችው ቅጽበት፣ ያለ ውድድርና ያለ ደሞዝ፣ የእድሩ የድምፅ ባለሙያ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ክርክር በመብራት ተነሳ። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። «ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰካው!» አለ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ጎረቤታችን። አይፈረድበትም። ከአሜሪካ የመጣ ስንት የፀጉር ማድረቂያ እዚህ ሰፈር እንደ ደመራ አንዴ ቦግ ብሎ ቀርቷል። ሳጥኑን ገልብጬ የተጻፈውን አነበብኩላቸው፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት። ከሁለቱም ሀገር ይስማማል ማለት ነው። የሚቸግረው የሶኬቱ ቅርጽ ብቻ ነው። «ፋብሪካ ሁሉ እንዲህ ይላል» አለ ጎረቤቴ። ስሰካው ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሊቀ መንበሩ ሁለት። መብራቷ በራች። ጭስ የለም። ጎረቤቴ ትንሽ ያዘነ መሰለኝ።

ሳጥኑ የራሱን ዋይፋይ ይለቃል። ታብሌቱን ከሱ ጋር ታገናኛለህ፣ አፑን ትከፍታለህ፣ የቀረው በጣት መግፋት ነው። ፓስወርድ አልጠየቀኝም። ከፋብሪካው ሲወጣ በሩ ክፍት ነው። «ደግ እቃ ነው» ብዬ አለፍኩ። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከአሮጌው የሚለየው ዋናው ነገር ምን መሰላችሁ። ገመዱ የተሰካበት ቀዳዳና ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር የግድ አንድ አይደሉም። አንደኛው ቀዳዳ ላይ የሰካኸው ማይክ ሰባተኛው መስመር ላይ ሊወጣ ይችላል። መታወቂያው አንዱ ቀበሌ፣ ኑሮው ሌላ ቀበሌ። ይህን ሳላውቅ አርባ ደቂቃ ሙሉ የመጀመሪያውን መስመር ወደ ላይ እየገፋሁ «ሄሎ፣ ሄሎ» ስል ቆየሁ። ገመድ ቀየርኩ። ማይክ ቀየርኩ። ሞንታርቦውን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። (ሞንታርቦ የአንድ ጣሊያን ድርጅት ስም ነው። እኛ ጋ ግን የጯሂ ሳጥን ሁሉ የወል ስም ሆኖ ቀረ። ቻይና የተሠራውም ሞንታርቦ ነው።) በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ከልቤ «ኤጭ!» ስል፣ እሷ ብቻ ጥርት ብላ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ተሰማች። ለካ አጠገቤ የቆመ ሕፃን ሰባተኛውን መስመር በጣቱ ገፍቶት ነው። የእድሩ ባለሙያ መሆን የነበረበት እሱ ነበር።

ቀጥሎ 48 የሚል ቀይ ምልክት አለ። አንዳንድ ማይክ ያለ መብራት አይሠራም፤ ሚክሰሩ በዚያው በድምፁ ገመድ 48 ቮልት ይልክለታል። ስሙ «ፋንተም ፓወር» ይባላል። የእድሩ ጸሐፊ ትርጉሙን ጠየቁኝ። «መንፈስ እንደማለት ነው» ስል ሁለት እናቶች አማተቡ። ለምን 48 ሆነ ቢባል፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1966 ኖይማን የተባለው የጀርመን ማይክ ሠሪ ለኖርዌይ ብሔራዊ ሬዲዮ አዲስ ማይክ ይዞ ይሄዳል። የሬዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ለሚበሩት አምፖሎች የተዘረጋ 48 ቮልት ነበር። «ይሄው አለ አይደል፣ ከዚሁ ይውሰድ» ተባለ፣ ዓለምም በዚያው ቀጠለ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ኖርዌይን እንደ ዘመድ ነው የማያት። መብራት ይጠፋል ብሎ የሚዘጋጅ ሰው ሩቅ አይደለም።

ከዚያ ጌይን መጣ። ጌይን ከማይኩ ስንት ድምፅ ይግባ የሚለው ነው፤ በር ላይ ስንት ሰው ይግባ እንደማለት። ፌደር፣ ያ ስክሪኑ ላይ በጣት የሚገፋው፣ ደግሞ ከገቡት ውስጥ ስንቱ መድረክ ይውጣ የሚለው። ዲጂታል ላይ የድምፁ ጣሪያ ዜሮ ይባላል፤ ከዜሮ በላይ ሀገር የለም። አሮጌው ሚክሰር ትንሽ ብታልፈው እያጉረመረመም ቢሆን ይሸከምሃል። ይሄኛው ግን ከጣሪያው ያለፈውን እዚያው ይቆርጠዋል፤ ድምፁ አቡጀዲ ሲቀደድ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ከጣሪያው 18 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብለህ ትሠራለህ። ይህን ሁሉ ለሊቀ መንበሩ አስረዳሁ። ራሳቸውን እየነቀነቁ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ገብቶኛል» አሉ። «አሁን ጨምርለት።»

እኛ ስለ ድምፅ የምናውቀው አንድ ቃል ነው፤ ጨምር። ዘፋኙ ወደ ሚክሰሩ ዞሮ ጣቱን ወደ ላይ ያሳያል። ኪቦርዲስቱም እንዲሁ። የሙሽራው አጎትም። እስከ ዛሬ «የኔን ቀንስልኝ» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ድምፅን የምናየው እንደ ወጥ ነው። እንግዳው «በቃኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? «በሞቴ» ተብሎ ይጨለፍለታል። ጆሮም እንዲሁ በግድ ይጎረሳል። የሁሉም ሲጨመር ደግሞ የማንም አይሰማም። ያኔ ከድንኳኑ ጫፍ አንዱ ይነሳና «አይሰማም፣ ጨምርለት!» ይላል።

የሊቀ መንበሩ ማይክ ላይ ኮምፕሬሰር አደረግኩ። እሳቸው ንግግር በሹክሹክታ ጀምረው በፉከራ ነው የሚጨርሱት። ኮምፕሬሰር ሽማግሌ ነው። አራት ለአንድ ብለህ ካስተካከልከው፣ ከልክ በላይ አራት እርምጃ ስትጮህ አንዷን ብቻ ያሳልፍልሃል። አራት ስድብ ይዘህ ሄደህ ለባላጋራህ አንዷን፣ እሷንም አለዝቦ እንደሚያደርስልህ ማለት ነው። ለሳቸው አልነገርኳቸውም።

ከኋላ ላሉት ሞንታርቦዎች ደግሞ ማዘግየት ነበረብኝ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ በገመድ የሚሄደው ግን ወዲያው ይደርሳል። መድረኩና የኋላው ሞንታርቦ 30 ሜትር ከተራራቁ፣ ኋላ የተቀመጠ ሰው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። ስለዚህ የኋላውን 87 ሚሊሰከንድ ታዘገየዋለህ፤ እኩል ይገጥማሉ። አንድ አባል በትከሻዬ አጮልቀው ታብሌቱን አዩ። «የኋላ፣ 87 ዘግይቶ» ብዬ ጽፌበታለሁ። «ለምንድን ነው ለኛ የሚዘገየው? እኛ መዋጮ አንከፍልም?» አሉ። ከግማሽ ሰዓት ክርክር በኋላ አጠፋሁት። አሁን ከኋላ ያሉት ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። ደስተኞች ናቸው።

እቃው በይፋ ሥራ የጀመረው በጠቅላላ ጉባኤው ዕለት ነው። ጌት የሚባል ነገር አለ፣ ማይኩ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ። ድምፁ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ በሩን ይዘጋል። ሳሉ፣ የወረቀቱ ኮሽታ፣ የጄነሬተሩ ጉምጉምታ አያልፍም። እኔ ዘበኛውን ትንሽ አጥብቄዋለሁ።

ገንዘብ ያዥዋ ሪፖርት ሊያነቡ ተነሱ። መነጽራቸውን አደረጉ። «ከአባላት መዋጮ የተሰበሰበ!» ሲሉ ድምፃቸው ሙሉ ነው። «ከድንኳን ኪራይ!» ሙሉ ነው። «ከቅጣት!» ይሄማ ጭራሽ ደመቀ። ወጪ የሚለው ገጽ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ፤ ወጪ ሲነሳ የማን ድምፅ የማይወርድ አለ? ዘበኛው በሩን ጠረቀመው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጣታቸው ከመስመር መስመር ይወርዳል፣ ድምፅ ግን የለም። ሰው ጸጥ ብሎ ከንፈራቸውን ያያል። አንድ ሙሉ ገጽ እንዲህ አለቀ። ገልበጥ አደረጉና «ጠቅላላ ቀሪ!» ሲሉ በሩ ተከፈተ። ጉባኤው አጨበጨበ። ሪፖርቱ ያለ አንድ ጥያቄ ጸደቀ።

ሲወጡ ሊቀ መንበሩ ጠጋ አሉኝ። «ያ ዘበኛ ያልከው ነገር» አሉ በጆሮዬ፣ «እንዳታጠፋው።»

ከዚያ ሰርጉ መጣ። አርብ ማታ ባዶ ድንኳን ውስጥ ሁሉን አስተካክዬ «ሰርግ» ብዬ መዘገብኩት። ታብሌቱ እስከ መንገዱ ድረስ ይሠራል። ቅዳሜ ግን ሰው ገባ። ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፣ የሰው ልጅ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። አራት መቶ ሰው ማለት ጠጅ ሳይቆጠር አራት መቶ እንስራ ነው። በዚያ ላይ የሁሉም ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። ታብሌቴ ሞተ። ሚክሰሩ በያዘው ቅንብር ሥራውን ቀጥሏል፣ እኔ ነኝ የተባረርኩት። በወንበሮቹ መሀል ተሹለክልኬ መድረኩ ሥር ሄጄ ተንበረከክሁ። እንደገና ሲገናኝልኝ ያየሁትን ለጠላቴ አልመኝም።

ፌደሮቹ ራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። ማንም ሳይነካቸው። የኪቦርዱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ቀጥሎ የሙሽሪት ወገን ማይክ ወጣ። የሙሽራው ወገን ተከተለው። እነዚያ ሁለት እናቶች ያማተቡት ትዝ አለኝ። ቀና ስል አየሁ። የሙሽሪት ታናሽ ወንድም አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል። የሙሽራው የአክስት ልጅም ደፍቷል። የኪቦርዲስቱ ጓደኛም። አፑን አውርደው፣ በዚያ በማይዘጋው በር ገብተው፣ እያንዳንዱ የወገኑን እየጨመረ ነው። የሊቀ መንበሩ የልጅ ልጅም አለበት። «አያቴ ናቸው ጨምርልኝ ያሉኝ» አለኝ በኋላ።

ጩኸቱ ተጀመረ። ማይኩ ከሞንታርቦው የወጣውን ራሱን መልሶ ይሰማል፣ የሰማውን መልሶ ይልካል፣ በዞረ ቁጥር ያድጋል። ፈረንጆች ይህን ባጠናው በዴንማርካዊው ሳይንቲስት በላርሰን ስም ይጠሩታል። እኛ ግን ድሮም እናውቀዋለን፤ ጠዋት ለጎረቤት የነገርከው ወሬ ማታ አድጎ ደጃፍህ ሲመጣ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ሕፃናት አለቀሱ። ድፎ ዳቦ የያዘች ልጅ ልትለቀው ነበር። ጆሯቸው ደከም ያለው አንድ አባት ብቻ ፈገግ ብለው «አሁን ገና ሰማሁ» አሉ።

ገመዱን ነቀልኩት።

የዚያኑ ሌሊት ፓስወርድ አስገባሁ። ድንገት እኔ ባልኖር ብዬ ለጸሐፊው ብቻ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። «ጋሼ፣ ሚስጥር ነው» አልኩ። ወረቀቱን አጥፈው ከደረት ኪሳቸው አስገቡ። «እኔና አንተ ብቻ» አሉ።

በቀጣዩ እሁድ የወሩ ስብሰባ ነበር። ድምፁ እንደዚያን ቀን አምሮልኝ አያውቅም። ጉምጉምታ የለ፣ ፉጨት የለ። ጸሐፊው ማይኩን ያዙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አወጡ።

«አንድ ማስታወቂያ አለኝ» አሉ። እያንዳንዷ ፊደል እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብላ ወጣች። «ልጆቻችን በሰርጉ ዕለት ሲያግዙበት የነበረው እቃ ተቆልፎባቸው መቸገራቸውን ሰምቻለሁ። ፓስወርዱ እድር፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ነው። ከኋላ ያላችሁ ተሰምቷችኋል?»

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

«አልተሰማም! ጨምርለት!»