ገዝተው ለሚያማክሩን

ሰሞኑን የበዛ ጥያቄ አለ። «ዋጋው የማይጎዳ፣ የውጭ ድምፅ የሚያጠፋ፣ ጥሩ ኤርበድ የቱ ነው?» ኤርበድ ያው ጆሮ ውስጥ የሚገባው ገመድ አልባ ማዳመጫ ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ችግሩ ያለው ጠያቂው ላይ ነው። «ለምን ልትጠቀምበት ነው? ለጉዞ? ለስልክ? ለቢሮ?» ሲባል ፊቱን ያጨማድዳል። «አንተ ዝም ብለህ ጥሩውን ንገረኝ!» ተጠያቂው ምስኪን ነገሩን ያውቀዋልና ከማይክ እስከ ባትሪ ይተነትናል። ትንታኔው ሲያልቅ ጠያቂው ሆዬ እጁን ኪሱ ይከትና አንዲት የምታብረቀርቅ ሣጥን ብቅ ያደርጋል። «እኔ እንኳ ይቺን ገዝቻለሁ። እንዴት ናት?»

ገዝቶ ማማከር! ይሄ ሰው የፈለገው ምክር ሳይሆን ምርቃት ነው። «ጎበዝ፣ አወቅህበት» ከተባለ ይበቃዋል። ትንሽ «ግን» ጣል ያደረገበትን ሰው ደግሞ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል፤ ማስረጃውም ሁልጊዜ የሣጥኑ ጀርባ፣ እዚያ የተጻፈው የዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ቁጥር ነው። «እየው፣ ጫጫታውን 50 ዴሲቤል ይቀንሳል ይላል!»

ይላል። ሣጥን ምን የማይለው አለ?

ድምፅ የማጥፋቱ ሥራ፣ «ኖይዝ ካንስሊንግ» የሚሉት፣ እንዲህ ነው። ማይኩ የውጩን ጫጫታ ይሰማል፤ ቺፑ የዚያን ሞገድ ግልባጭ፣ ከፍታው ዝቅታ፣ ዝቅታው ከፍታ አድርጎ ይሠራና በስፒከሩ ይለቀዋል፤ ሁለቱ ጆሮ ውስጥ ይገናኙና ይጣፋሉ። ሐሳቡ የትናንት አይደለም። ጀርመናዊው ፓውል ሉዌግ ለዚህ ነገር የአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። የድምፅ መሣሪያ ኩባንያ መሥራቹ አማር ቦዝ ደግሞ በ1978 አውሮፕላን ውስጥ ማዳመጫ አድርጎ የሞተሩ ድምፅ ሙዚቃውን ሲያበላሽበት እዚያው ቁጭ ብሎ ስሌቱን ጀመረ፤ ኩባንያው ለአብራሪዎች የሚሸጥ ማዳመጫ ያወጣው በ1989 ነው። አሥራ አንድ ዓመት! የኛ ሰው ግን የሣጥን ጀርባ አንብቦ ነገሩን በአንድ ከሰዓት ጨርሶታል።

ግልባጩ የሚሳካው በወፍራም ድምፅ ላይ ነው። የ100 ኸርዝ (በሰከንድ መቶ ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ አንዱ ሞገድ 3.4 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ቺፑ ቅንጣት ታህል ቢዘገይ እንኳ ይደርስበታል። የ5,000 ኸርዝ ሞገድ ግን 7 ሴንቲሜትር ብትሆን ነው፤ ግልባጩ እስኪደርስ ሞገዱ አልፎ ተገልብጧል፤ ከተሳሳተ ደግሞ ጭራሽ ይጨምርበታል። ስለዚህ ከ1,000 ኸርዝ በላይ ኤሌክትሮኒክሱ እየደከመ ይሄዳል። የሞተር ጉርምርምታ፣ የቬንትሌተር ንፋስ፣ የአውሮፕላን ግሣት ይጠፋል። የሕፃን ልቅሶ፣ የብርጭቆ ኳኳታ፣ የባልደረባ ሳቅ አይጠፋም። «ኖይዝ ካንስሊንግ ገዛሁ፣ ሰው ሲያወራ ግን ይሰማኛል፣ ተጭበረበርኩ» የሚለው ሁሉ አልተጭበረበረም፤ የገዛው ነገር ሥራው ሌላ ነው።

50 ዴሲቤሉስ? እሱ በአንድ ጠባብ የድምፅ ክልል ላይ የተገኘ ከፍተኛው ልክ ነው፤ ከዚያ ወዲያና ወዲህ ቁጥሩ ይወርዳል። በየ10 ዴሲቤሉ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ለጆሮ ይሰማዋልና፣ በወፍራሙ ክልል ሰፋ አድርጎ 25 እና 30 የሚቀንስ ዕቃ፣ አንድ ቦታ ላይ 50 ነክቶ ከሚመለሰው ይሻላል። ሣጥን ላይ ግን «ሰፋ አድርጎ 25» ብሎ የሚጽፍ የለም።

ቀጭኑን ድምፅ የሚይዘው ታዲያ ማን ነው? ጎማው! ያቺ ማንም ዞር ብሎ የማያያት የሲሊኮን ጫፍ። ሰው ስለ ቺፕ ሲከራከር ይውላል፣ ጎማዋን ግን መካከለኛዋ ተገጥማ በመጣችበት ይተዋታል፤ ትንሿና ትልቋ ከካርቶኑ ሥር ሳይታዩ ይጣላሉ። ጎማው ጆሮውን ካልደፈነ ወፍራሙም ድምፅ ሾልኮ ይገባል፣ የሙዚቃው ቤዝም ሾልኮ ይወጣል። «ቤዝ የለውም» እየተባለ ከሚታማው ዕቃ ብዙው ቤዙ አለ፤ በጎማው ዳር ወጥቶ ሄዶ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሻጭም ሆነ ገዢ ግን የሚፈትነው ሙዚቃ ጣራ አድርሶ ነው፤ ሙዚቃ ከፍቶማ ምኑ ይታወቃል? ሙዚቃ አትክፈቱ። ቬንትሌተር ወይም የሚሠራ ሞተር አጠገብ ቁሙ። ሁለቱንም ኤርበድ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ፣ ትንሽ ወደ ኋላ አዙራችሁ አስገቡ፣ ከዚያ ኖይዝ ካንስሊንጉን አብሩና አጥፉ። ልዩነቱ ወዲያው ካልተሰማችሁ ኤርበዱን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ስትገፉት ጉርምርምታው ከቀነሰ ጎማው አንሷችኋል፤ አንድ ቁጥር ጨምሩ። ጮክ ብላችሁ «ኣ» በሉ፤ ድምፃችሁ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ካስተጋባ ተደፍኗል ማለት ነው። ቀኝና ግራ ጆሮ የግድ እኩል አይደለም፤ አንዱን በመካከለኛ፣ ሌላውን በትልቅ ማድረግ ነውር አይደለም። የትኛውም ካልያዘ ተጨምቃ የምትገባና ውስጥ የምትነፋ የፎም ጫፍ አለች፤ ቀጭኑን ድምፅ ከሲሊኮን በተሻለ ትይዛለች፣ ግን ታረጃለችና በየጊዜው ትቀየራለች። ጎማ የሌለው፣ ጆሮ ደጃፍ ላይ የሚንጠለጠል ዓይነት ኤርበድ ላይ «ኖይዝ ካንስሊንግ» ተጽፎ ስታዩ ግን እለፉት፤ በሩ ገርበብ ባለ ክፍል ውስጥ ዝምታ የሚሸጥላችሁ ሰው ነው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል የኛ ሰው። እንዴት ያለ ተረት ነው! ስለ ሐሜት የተነገረ ነው፤ አገር ሁሉ የሚያወራውን ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል። ሰው በስልክ ሲያወራ ግን ቃል በቃል ይሠራል። ባለ ኤርበዱ የራሱ ድምፅ ወዲያኛው ጫፍ ላይ እንዴት እንደሚደርስ አያውቅም። በንፋስ መካከል እየሄደ፣ መኪና እያለፈበት፣ «ሃሎ? ይሰማል? እኔ እኮ በደንብ ይሰማኛል!» ይላል። አንተማ ይሰማሃል ወንድሜ፣ የምንሰቃየው እኛ ነን! ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ቃል እየለቀምን፣ ግማሹን እየገመትን፣ «እሺ፣ እሺ» የምንለው እኛ ነን።

እዚህ ላይ የቆየ ቂም አለብኝ። ሣጥን ላይ የሚጻፈው «ኢኤንሲ» የሚባለው ጽሑፍ ነው። «ኤኤንሲ»፣ ማለትም እስካሁን ያወራነው ኖይዝ ካንስሊንግ፣ የሚያጠፋው ለባለቤቱ ጆሮ ነው፤ «ኢኤንሲ» ግን የሚሠራው በማይኩ በኩል ነው፣ ስትደውሉ ከድምፃችሁ ጀርባ ያለውን ጫጫታ ለሚሰማችሁ ሰው ይቀንሳል። ለእናንተ ጆሮ ምንም አያደርግም። ምንም! አንዲት ፊደል ተለውጣ ስንቱ ሰው ዝምታ ገዛሁ ብሎ የጠሪውን ምቾት ገዝቶ ሄደ። ይህ የአንባቢ ስህተት አይደለም፤ ሆን ብሎ በትልቁ «ኖይዝ ካንስሌሽን» ጽፎ በትንሹ «ለጥሪ» የሚል ሻጭ ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል። መለያው ይኸውና፦ እውነተኛው ሲበራና ሲጠፋ ይታወቃል፣ «ውጩን አሰማ» የሚል ሌላ ሞድም አብሮት ይመጣል። የሚበራና የሚጠፋ ነገር ከሌለው ኤኤንሲ የለውም። የታወቀ ብራንድ አስመስለው የሚሠሩትም እንዲሁ ናቸው፤ ኤርበዱ ሲከፈት ስልኩ ላይ ሥዕሉ ብቅ ስላለ ዋናው ነው ማለት አይደለም፣ እሷን ብቅታ መኮረጅ ቀላል ነው።

ቂምን ቂም ያነሳዋል፤ ያቺ ሴትዮስ? «ፓወር ኦን!» «ኮኔክትድ!» እያለች ጆሮ ውስጥ የምትጮኸዋ። ሰው እንቅልፍ እንዲወስደው ዝናብ እያዳመጠ፣ በስስ ድምፅ፣ ሊያሸልብ ሲል «ባተሪ ሎው!» ብላ ከአልጋው ታስፈነጥረዋለች። የሙዚቃውን ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሷን ዝቅ አያደርግም። የተሻሉት ኩባንያዎች በአፓቸው ውስጥ መቀነሻ ወይም ወደ አጭር «ቲት» መቀየሪያ አበጅተውላታል፤ ርካሾቹ ላይ እስከ ዕለተ ሞቷ ትጮኻለች። ስለዚህ ስትመርጡ አፕ ያለውን ምረጡ፤ ለኢኳላይዘር (ለቤዝና ለቀጭን ድምፅ ማስተካከያው) ብቻ አይደለም፣ ለሷም ነው።

ባትሪን በአጭሩ። «40 ሰዓት» ማለት ብዙውን ጊዜ ኤርበዱ የሚቀመጥበትንና የሚሞላበትን የቻርጅ ሣጥን ሁሉ ደምሮ፣ ያውም ኖይዝ ካንስሊንጉ ጠፍቶ ነው። እናንተን የሚመለከታችሁ አንድ ጊዜ ጆሮ ላይ ከተደረገ፣ ኖይዝ ካንስሊንጉ በርቶ፣ ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ነው፤ ስድስት ከሆነ ደህና ነው። ጆሮ ውስጥ ያለችው ባትሪ ከጥፍር ብዙም አትበልጥም፣ በአብዛኛው አትቀየርም፤ በመቶዎች ጊዜ ከተሞላች በኋላ መድከሟ አይቀርም። ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ «ተበላሸ» የሚባለው ይኸው ነው። ውድ የሆነውም በዚያው መንገድ ይሞታል፤ ለእኔ ርካሹን ለመግዛት ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለም።

ብሉቱዝ 5.3 ይሁን 5.4 ብሎ መጨነቅም ትርፉ ድካም ነው፤ ቁጥሩ ብቻውን ድምፅ አያሳምርም። ኤልዳክ የሚባለው፣ ድምፅን በብሉቱዝ በተሻለ ጥራት የመላኪያ ዘዴም አይፎን ላይ አይሠራም፤ አይፎን የሚያውቀው ኤስቢሲና ኤኤሲ የሚባሉትን ዘዴዎች ነው። ኮምፒውተር ላይ በስብሰባ ጊዜ ድምፁ ድንገት ቢቆረፍድ ዕቃውን አትስደቡ፤ ማይኩ ሲከፈት ብሉቱዙ ወደ ጥሪ ሞድ ይገባና የሙዚቃውን ጥራት ይጥለዋል። ማይኩን ከኮምፒውተሩ ምረጡ፣ ይመለሳል። ላብና ካፊያን በተመለከተ አይፒኤክስ 4 የሚባለው የመከላከያ ደረጃ ይበቃል፤ «ኤክስ» የምትለዋ አቧራው አልተፈተነም ማለት ናት። የቻርጅ ሣጥኑ ግን ብዙውን ጊዜ ውሃ አይችልም፤ እርጥብ ኤርበድ ሳይጠርጉ ወደ ሣጥኑ የሚከቱ ሰዎች የቻርጅ መገናኛውን በእጃቸው ያዝጋሉ።

አንዱ ጆሮ ሲቀንስ ደግሞ ወዲያው «ስፒከሩ ተቃጠለ» ይባላል። ብዙውን ጊዜ አልተቃጠለም፤ የጆሮ ኩክ ነው። ጎማውን አውልቁ፣ መረቡን ወደ መሬት ደፍታችሁ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። ወደ ላይ አቅንታችሁ ከጠረጋችሁት ኩኩን ወደ ውስጥ ታወርዱታላችሁ። መርፌ አይነካውም! ውጭ ያለችው የማይክ ቀዳዳም ስትደፈን ኖይዝ ካንስሊንጉ ይዳከማል ወይም ያፏጫል፤ እሷንም ጥረጉ። አዲስ ሆኖ አንዱ አልሠራ ካለ መገናኛው ላይ የተለጠፈች ስስ ላስቲክ አለች፣ ላጧት። ከዚያም ካልሆነ ከስልኩ ብሉቱዝ ዝርዝር አጥፍታችሁት፣ ሁለቱንም ሣጥን ውስጥ ከታችሁ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጫኑት፤ ብዙው በዚህ ይታረቃል።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ገዝቶ ስለሚያማክረው ሰው።

ገና ያልገዛ ካለ እንዲህ ያድርግ፦ ማይክ በውጭም በውስጥም ያለውን፣ ማለትም ሃይብሪድ የሚባለውን፣ ጎማው ቢያንስ በሦስት መጠን የሚመጣውን፣ አፕ ያለውን ይምረጥ። ሳውንድኮር፣ ኪውሲዋይ፣ ኤዲፋየር፣ ኤርፈን፣ ሬድሚ፣ ሲኤምኤፍ ሁሉም እንዲህ ያለ አላቸው፤ ግን አንዱ ብራንድ ጥሩም ደካማም ይሠራልና ስሙን ሳይሆን ሞዴሉን ይጠይቅ። ዝምታው ሲመጣም ድምፁን ዝቅ ያድርገው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ጫጫታን በጩኸት ለመሸፈን ከሆነማ ኖይዝ ካንስሊንግ መግዛት ለምን አስፈለገ?

የገዛው ሰውዬ ደግሞ የቀሩትን ጎማዎች ከካርቶኑ ሥር ፈልጎ ትልቋን ይሞክር። አሁንም ከሾለከበትና የመመለሻ ጊዜው ካላለፈ ይመልሰው። ማሸጊያውን ቀዶ ጥሎታል? እንግዲያው 50 ዴሲቤሉን ይዞ ይቀመጥ።