«ይሄ እኮ መስመሩ ውስጥ የለም»

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቼዝ ከሚጫወቱ ወጣቶች ጋር የምቀመጥበት አንድ ሻይ ቤት አለ። በቅርቡ ሲሲሊያን መከላከያ የተባለውን የቼዝ መክፈቻ መስመር (የእንቅስቃሴዎቹን ቅደም ተከተል) እስከ 10ኛው እንቅስቃሴ ድረስ ከስልኩ የሸመደደ ልጅ፣ ተጋጣሚው ገና በ3ኛው ላይ ያልጠበቀውን ጳጳስ (ከጠጠሮቹ አንዱን) ቢያወጣበት፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሰሌዳው ላይ አፍጥጦ ቆየና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ መስመሩ ውስጥ የለም» አለኝ። (በደሴ ብርድ ሻይ ለመቀዝቀዝ ጊዜ እንደማይፈጅ ልብ ይሏል።) ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ያጠናው ግን እንቅስቃሴውን እንጂ ምክንያቱን አልነበረም።

በእኔ እምነት መክፈቻ መጠናት ያለበት ከታላላቅ ተጫዋቾች ሙሉ ጨዋታ ነው። በሳምንቱ አሜሪካዊው የቼዝ ሊቅ ፖል ሞርፊ እ.ኤ.አ. በ1858 በፓሪስ ኦፔራ ቤት፣ ተመካክረው ከተጫወቱት የብራውንሽቫይግ መስፍንና ካውንት ኢዙዋር ጋር ያደረገውን የ17 እንቅስቃሴ ጨዋታ ይዤለት ሄድኩ። በጥቁር የተጫወቱት ሁለቱ ፊሊዶር መከላከያ የተባለውን መክፈቻ መርጠው ጳጳሳቸውን ቸኩለው በማውጣት በፈረስ ለውጠውታል። ቀሪውን እንቅስቃሴ በወረቀት ሸፍኜ ቀጣዩን እንዲገምት ጠየቅኩት። 8ኛው ላይ ሲደርስ፣ እንደጠረጠርኩት፣ በንግሥቱ ወታደር በላ። እኔም የጥቁሩን ንግሥት አምጥቼ «ቼክ» አልኩት፤ ንግሥቶቹ ተለዋውጠው ከሰሌዳው ሲወርዱ «ታዲያ አሁን በምን ላጠቃ ነው?» አለ። ሞርፊ ያን ወታደር ንቆ የቀረውን ፈረሱን ነበር ያወጣው። የውሳኔው ትክክለኛነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው ግን በ17ኛው ላይ፣ ንግሥቱን ሠውቶ በተረፉት አንድ ሩክና አንድ ጳጳስ ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ማት ሲያደርግ፣ የጥቁሮቹ አንድ ሩክና አንድ ጳጳስ ከመነሻ ቦታቸው ንቅንቅ ሳይሉ መቅረታቸው ሲስተዋል ነው። 10ኛው ላይ የሚቆም ጥናት ይህን ፍሬ ነገር ቆርጦ ይጥለዋል።

የሞርፊ ተጋጣሚዎች ደካሞች ነበሩ የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ይሁንና ሁለቱም ወገኖች ብርቱ በሆኑበት ጨዋታ የስሕተት ቅጣት ስውር ስለሚሆን፣ ለጀማሪ የሚበጀው ስሕተቱ ገሃድ የወጣበት ነው። በትልልቅ ውድድሮች የሚሰለፉ ሰዎች ብዙ መስመር በቃላቸው መያዛቸውንም አልክድም፤ እነሱ ግን ምክንያቱን ካወቁ ቆይተዋል።

ይህ አካሄድ ለወሎ ሰው እንግዳ አይመስለኝም፤ ደረሳ ኪታቡን በቃሉ ስለያዘ ብቻ አይበቃውም፣ ሸኹ ፊት ቀርቦ ትርጓሜውን መስማት አለበት። የአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥም ቢሆን፣ ወረራ በሚባለው መክፈቻው ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ስለነበር፣ ከሸመደዱት መስመር ይልቅ የባላጋራን እጅ ማየት ግድ ይል ነበር።

ልጁ ሲሲሊያንን ለጊዜው ትቶታል። አሁን እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን የካፓብላንካን ጨዋታዎች ይዘናል፤ እንቅስቃሴውን በወረቀት የሚሸፍነውም፣ የሚገልጠውም እሱ ራሱ ሆኗል።