13 ሰዓት ተኩል ያለው ማን ነበር?

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ኢንተርኔት ላይ የምትፈልጉ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ያገኛችሁትን መልስ ለእናታችሁ አትንገሩ። እኔ ነግሬ አይቼዋለሁ።

እናቴ ባለፈው ሐምሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቀኝ ወደ ቨርጂኒያ ስትነሣ «ለመሆኑ ስንት ሰዓት ነው የምቀመጠው?» አለችኝ። የአውሮፕላን ርቀት ከሚያሰላ ገጽ ገብቼ ቦሌ ብዬ ጻፍኩ፣ የዋሽንግተኑን አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ ብዬ ጻፍኩ። 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 13 ሰዓት ተኩል። ይህንን እኮ የአራተኛ ክፍል ተማሪም ይሠራዋል! ርቀቱን አውሮፕላን በሰዓት ለሚበረው 850 ኪሎ ሜትር ማካፈል ነው፣ አለቀ። እኔም እንደ አዋቂ «13 ሰዓት ተኩል ነው እማዬ» አልኳት። አጎቴ በበኩሉ ትኬቱን አገላብጦ በፈረንጅ ሰዓት 22፡30 ተነሥታ 7፡40 እንደምትደርስ አነበበና ቀንሶ «ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው፣ አይዞሽ» አላት። በሁለቱ ከተሞች መካከል በሐምሌ የ7 ሰዓት ልዩነት እንዳለ ማን ያስታውስ።

እውነቱ ከ16 ሰዓት በላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ የተቀመጠ ማረፊያ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያጥራቸዋል፤ ሰውና ሻንጣ ጢም ብሎ የሞላ አውሮፕላን ዋሽንግተን ድረስ የሚያደርስ ነዳጅ ጨምሮ ልነሣ ቢል አይችልም። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ፊት ለፊት ይገፋዋል። ስለዚህ አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ ወርዶ ነዳጅ ቀዳ። ደብሊን መንገዱን የምታረዝመው በ300 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ለአውሮፕላን ምንም ማለት አይደለም። ጊዜውን የሚበላው መውረዱ፣ ቆሞ መቅዳቱና እንደገና ተራ ጠብቆ መነሣቱ ነው። ያ ገጽ ግን ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል? ማስመሪያ አስቀምጦ ይለካል እንጂ።

እናቴ ከስምንት ሰዓት በኋላ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ የአጎቴ ዘጠኝ ሰዓት የሞላ መሰላት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ «እልል» ልትል ምንም ሳይቀራት መተላለፊያው ላይ ቆመች። አጠገቧ የነበረ ልጅ «እማማ፣ ይቀመጡ፣ ገና ግማሽ መንገድ ነው» ሲላት የተሰማትን እስካሁን ትነግረኛለች። ዝናብ የሚዘንብበትን ሜዳ በመስኮት እያየች «አሜሪካ ይህቺ ናት?» ብላ ነበር አሉ።

እኔ ዘንድ ደግሞ ስልኩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጮኸ። አዲስ አበባ ቀን 6 ሰዓት ሆኗል፣ የእኔ 13 ሰዓት ተኩል ሞልቷል። አክስቴ ናት። «ልጄ፣ ምነው ዝም አላችሁ? አውሮፕላኑ ምን ሆነ?» ገና አትላንቲክ ላይ ናት ብላት ጭራሽ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ በየሃያ ደቂቃው እየተፈራረቁ ደወሉልኝ። ካረፈች በኋላም የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ በርበሬና ሽሮ የታጨቀባቸው ሁለት ሻንጣዎች አሉ፤ በሩን ወጥታ ሳያት አራተኛ ቡናዬን ጨርሼ ነበር።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ መመለሷ ነው። ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ነፋሱም ከኋላ ነው፤ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። ያ ገጽ ሳያውቀው ልክ ሆነ ማለት ነው! ይህንን ለአክስቴ ደውዬ ብነግራት ሳታስጨርሰኝ «ተወው ልጄ፣ እኛ 17 ብለን እንጠብቃታለን» አለችኝ።